ምን ተሰበረ?

ሠላሳ ሁለት ገጽ ስላይድ አሰናዳሁ፣
ቀለም ሳማርጥለት ስንት ሌት አነጋሁ።
ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ጅማን ሲያጥባት ያድራል፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ይገፋል፤
ደጁ ውሃ ተርፎት ቧንቧው ጠብ አይልም፤
እኔ ግን ይህንን በዚህ ቃል አልጻፍኩም፦

«ከስርጭት አኳያ፣ ከዘላቂነት አንጻር፣
ባለድርሻ አካላት በቅንጅት በመምከር፣
የታዩ ተግዳሮቶች እልባት ያገኛሉ፣
አቅጣጫ የተሰጠባቸውም ይሳለጣሉ።»

አቤት ሲንከባለል! አቤት ሲያምር፣ ሲከብድ!
አፍ የሚሞላ ቃል፣ ማንም ላይ የማይፈርድ።

ማታ ለልምምድ ወርክሾፕ ወረድኩ፤
ነዚፍ ብቻውን ነው፤ ዝገት ሲፍቅ ደረስኩ።
«አድምጠኝ» አልኩና ቆሜ አነበብኩለት፤
ገጽ ሁለት፣ ገጽ አምስት፣ ገጽ ዘጠኝ ድረስ፣
የሽቦ ብሩሹ አንዴም ሳይመለስ።
ዐሥራ አንድ ላይ ስደርስ ቀና አለ።
«እሺ፤ ምን ተሰበረ?» አለ።

ተናደድኩ።
«ቱቦው ነዋ! ከሂርማታ ቁልቁል ያለው፣ ያረጀው!
ከመቶ ባልዲ አርባውን አፈር ነው የሚጠጣው።
ኮቺ ሲደርስ የቀረው ማፏጨት ብቻ ነው!»

«አሃ» አለና ብሩሹን አስቀመጠ።
«ይሄ ገባኝ። ይሄን በዪና ተቀመጪ።»

ሌሊቱን ስሰርዝ አደርኩ።
ቀላል አይምሰላችሁ፤ ሰው ጌጡን ከጆሮው ሲነቅል ይደማል።
«ማሳለጥ» ወጣች። «አቅጣጫ» ወጣች።
«ከግንዛቤ በማስገባት» በር ላይ ቆማ አለቀሰች።
በርጩማ ጠራቢው ደጅ አይቼ አውቃለሁ፤
ፍቅፋቂው ከበርጩማው ይበልጣል።

አራት ገጽ ቀረኝ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን
አላስተኛ አለችኝ፦
«የጥገና ደብዳቤው በወቅቱ ሳይላክ ቀርቷል።»
አጭር ናት። ንጹሕ ናት። ምን ጎደላት?
ባለቤት የላትም።

አማርኛችን ለአጥፊ ያዝናል፤
አንዲት «ተ» አልብሶ ያሳድረዋል፦
ተረሳ፣ ተዘነጋ፣ ተጓተተ፣ ተበላሸ።
ረሺው የት ሄደ? ጎታቹስ የት ሸሸ?
ሰምና ወርቅ በቅኔ ቤት ያምራል፤
ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ ሰው
ሰሙ ምን ያደርግለታል?

በነጋታው አዳራሹ ሞላ።
የዞኑ ፋይናንስ፤ ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ሰው፤
ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ወይዘሮ አባይነሽ፤
ጥላቸው ከደጃፍ እስከ ወንበር ኩሬ የሠራባቸው
አንድ የጅሬን ሽማግሌ፤
ሥራ አስኪያጃችን ከፊት፣ እስክሪብቶ እያሽከረከሩ።
ነዚፍ የለም፤ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ያለ ጌጥ መቆም ራቁት መቆም ነው።
ድምፄ ተንቀጠቀጠ
(እነሆ፣ «ተ» እዚህም አለች)።

«ከመቶ ባልዲ አርባው መንገድ ላይ ይፈሳል» አልኩ።
«ቱቦው አርጅቷል። መቀየር አለበት።
ሥራው አራት ወር ይፈጃል፤ ዋጋው ይኸው።
የጥገናውን ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ያቆየሁት
እኔ ነኝ።
ቃሉን ሳሳምር።»

እስክሪብቶው ቆመ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻውን ያወራል።
ሰው ዝም ሲል እንዲህ ይረዝማል ለካ።

ወይዘሮ አባይነሽ እጃቸውን አነሡ።
«ሦስት ሳምንት ስንት አንሶላ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ነገሩኝ። ቁጥሩን ብቻ።
ነግረውኝም ተቀመጡ።

ወረቀቴ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት፤
እስከ ዛሬ አለ፤
ምንም አልደረብኩበትም።